ግማሽ ፍሬ

ነሐሴ 3 ቀን 1979፣ እሑድ

ይህን ደብተር ያመጣሁት ለመድኃኒት መመዝገቢያ ነበር። ከወረዳችን ከተማ ከጎጆ የታተመ መዝገብ ሲላክልን ተርፎ ተቀመጠ። ዛሬ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም፤ ክሊኒኩም ዝግ ነው። ከጥርሴ ጋር ብቻዬን ከምፋጠጥ ብጽፍ ይሻለኛል ብዬ ከፈትኩት።

ቱሉ ቡሬ ከተመደብኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ከጎጆ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ቁልቁል ነው፤ መኪና አይደርስም። ሦስት ነበርን። አንደኛው ጤና ረዳት በሰኔ ወደ ጦር ግንባር ስለተወሰደ አሁን እኔና ኦቦ ነገራ ብቻ ቀርተናል። ኦቦ ነገራ ኃላፊያችን ናቸው፤ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ብዙ አይናገሩም። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ በኋላ እቤታቸው ሰው ሰብስበው ጸለዩ ተብለው አምስት ወር ታስረዋል። አሁንም በር ሲንኳኳ መጀመሪያ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ።

ትኩሳቱ ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ ነው። ሰዉ ሁሉንም ተስቦ ይለዋል። ከፊሉ ተስቦ ነው፣ ከፊሉ ጉንፋን፣ የቀረውን አናውቀውም። መርፌ አልቆብናል። አስፒሪንና ፓራሲታሞል ግን በትልልቅ ቆርቆሮ ተልኮልናል።

ጥርሴ በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋ ነው። ሁለት አስፒሪን ዋጥኩ። አንድ ደግሞ ፈጭቼ ጥርሱ ላይ አደረግሁ። ሰው ይህን ሲያደርግ እቆጣለሁ፤ ድድ ያቃጥላል። አቃጠለኝም።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ

ሰባ አንድ ሰው። ዝናብ። ከሁለቱ ቴርሞሜትር አንዱ ወድቆ ተሰበረ።

ወገባቸውን ለሚያማቸው ሽማግሌ አስፒሪን ስሰጥ በባዶ ሆድ እንዳይወስዱት፣ ጨጓራ እንደሚልጥ ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው። እኔ ጠዋት ሁለት፣ ከቀትር በኋላ ሁለት። ፍልሰታ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም።

ነሐሴ 10፣ እሑድ

አንድ ነገር ልጻፍ፤ ስለሚያናድደኝ። ትናንት አንዲት ሴት መጥታ ነጩ ክኒን አላዳናትም፣ ቢጫውን ጨምራበታለች፣ አሁን ቀዩን እንድሰጣት ትፈልጋለች። ነጩም ቢጫውም ያው ፓራሲታሞል ነው። ፋብሪካው ቀለሙን ለየው እንጂ ውስጡ አንድ ነው። ስሙና ቀለሙ በተለየ ቁጥር ሰው ሌላ መድኃኒት ይመስለውና ይደራርባል። ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። አንድ ሰው ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ውጭ ሰልፉ ይጠብቃል። ለሁሉም እንዲህ ላድርግ ብል እስከ ማታም አልጨርስ።

ቢጫውን የገዛችው ከኦልጅራ ነው። ኦልጅራ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና ክኒን የሚሸጥ አንካሳ ሰው ነው፤ እግሩን የተመታው በሱማሌ ጦርነት ነው። ፈቃድ የለውም። አንድ ጊዜ ግን የክኒን ካርቶን ይዞ ክሊኒክ ድረስ መጥቶ ጊዜው እንዳላለፈ አንብቢልኝ ብሎኛል። አልፎ ነበር። እዚያው እፊቴ ጉድጓድ ውስጥ ጣለው።

ኦቦ ነገራ አምቦ ሄደሽ ጥርስሽን ተነቀይ ይሉኛል። ሰማንያ በሽተኛ ለማን ትቼ? ትኩሳቱ ሲረግብ እሄዳለሁ አልኳቸው። ጆሮዬ ውስጥ እንደ ፌንጣ የሚጮህ ነገር አለ። ብርዱ ይሆናል።

ነሐሴ 14፣ ሐሙስ

ሰማንያ ሦስት ሰው። ጥርሴ እስከ ዓይኔ ድረስ ይወጋኛል። ጠዋት ሦስት አስፒሪን፤ ያለዚያ መነሣት አልቻልኩም።

የኩምሳ ሚስት ጉዴ አራት ዓመት የሆናትን ልጇን ደራርቱን አዝላ መጣች። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ መሻገሪያ የለም። ልጅቷ ትኩሳት 39.4፣ ጉሮሮዋ ቀልቷል፣ ደረቷ ደህና ነው። ፓራሲታሞል፣ ግማሽ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ። ወንዙን አስቤ አሥር ፍሬ ሰጠኋት፤ ለሳምንት ይበቃል። ፖስታው ላይ ስሟን ጻፍኩ፤ ከሥሩ 1/2 x 3። ላስረዳት ስጀምር ጉዴ ፖስታውን ከእጄ ወስዳ ቁጥሮቹን በጣቷ እየነካች አነበበችልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በመሠረተ ትምህርት ሰርተፍኬት አግኝታለች። ተሰልፈው የቆሙት ሴቶች ሳቁ፤ እሷም በኩራት ሳቀች። ደስ አለኝ። ሁሉም እንደሷ ቢያነቡልኝ ሥራዬ በቀለለ አልኩ። ቀጣይዋን ጠራሁ።

ነሐሴ 18፣ ሰኞ

ጉዴ ተመልሳ መጣች። ትኩሳቱ ጠፍቷል፤ አሁን ያስመልሳታል፣ ምግብ አልወስድ ብላለች። ሆዷን ነካሁት፤ በቀኝ በኩል ስጫነው አለቀሰች። ለትውከቱ የሚበጠበጠውን ጨውና ስኳር ሰጠኋት።

ጉዴ መድኃኒቱን አመሰገነች። ሲያልቅ ከገበያ ጨመርኩ ያለች መሰለኝ። አጠገቧ አንዱ እያቃሰተ ነበር፤ በደንብ አልሰማኋትም።

ዘጠና ሰው።

ነሐሴ 20፣ ረቡዕ። ጎጆ

ጠዋት ኩምሳና ሦስት ጎረቤቶቹ ደራርቱን በቃሬዛ አመጧት። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ስትጠራ ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትከድናለች። ኦቦ ነገራ የወፍ በሽታ ነው ብለው መዝገቡ ላይ ጻፉ። እኔም ይሆናል ብዬ ነበር።

ከዚያ ጉዴን ስንት ስንት እንደሰጠቻት ጠየቅኋት። ፖስታውን ከጉያዋ አወጣች። ባዶ ነው። «አንድ ወይም ሁለት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይላል። በጣም ስላመማት ሁለት ሁለቱን ሰጠኋት» አለች፤ በኦሮምኛ። አሥሩ ፍሬ ዓርብ ማታ አለቀ። ቅዳሜ ፖስታውን ለኦልጅራ አሳይታ እንደዚህ ያለውን ስጠኝ አለችው፤ አሥር ገዛች። እሑድ ማታ እሱም አለቀ።

ፖስታውን አየሁት። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ለመዝገብ ያስፈልጋል ብዬ ከእሷ ተቀበልኩት። ደብተሩ ውስጥ አለ።

ጎጆ የደረስነው ሲመሽ ነው። መኪና ጠዋት አለ፤ ድንች ጭኖ ጊንጪ የሚወርድ።

ነሐሴ 22፣ ዓርብ። አምቦ

ሆስፒታል ነን። ደራርቱ ግሉኮስ ተተክሎላታል። አትነቃም። ድዷ ይደማል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ኦሮምኛ አይችልም። ጉዴ ደግሞ አማርኛ አትሰማም። እኔ በመካከል ቆምኩ። ምን ያህል እንደሰጠቻት ጠየቃት። ጉዴ ብዙ ተናገረች፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ። እኔ በአጭሩ ተረጎምኩ። ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ለአራት ቀን፣ ከገበያም ገዝታ ጨምራለች አልኩት።

ሐኪሙ እርሳሱን አስቀመጠና ጉበቷ ነው አለኝ። ፓራሲታሞል በልኩ ሲሰጥ የዋህ መድኃኒት ነው፤ ከልኩ ሲያልፍ ጉበት ይጨርሳል፤ አመመኝ ሳይል ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል። ትኩሳቱ ሲወርድ እናት ዳነች ብላ ትተኛለች፤ ውስጡ ግን ያኔ ነው የሚበላሸው። «በእናንተ ዘንድ ገበያ ላይ ክኒን እንደ ሽምብራ ይሸጣል ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ጉዴ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። መድኃኒቱ በዝቶባታል አለ አልኳት። እጇን አየችው፤ ሁለቱንም፤ ገልብጣ።

ነሐሴ 23፣ ቅዳሜ

ደራርቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አረፈች።

ነሐሴ 27፣ ረቡዕ። ቱሉ ቡሬ

አስከሬኑን በጭነት መኪና እስከ ጎጆ፣ ከዚያ በቃሬዛ አመጣነው። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ከዚህኛው ዳር አንድ ቀን ጠበቅን። ቀብሩ ትናንት ነበር። ጉዴ አላለቀሰችም። የኩምሳ እናት ከሴቶቹ መካከል ጮክ ብለው ልጅቷን የገደላት በሽታ አይደለም አሉ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም። እኔም አላልኩም።

ዛሬ ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ ፖስታውን ለኦቦ ነገራ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት። ግማሽ ነው የሚለው አሉ። እኔም አዎ አልኩ፤ እሷ ግን አንድ ወይም ሁለት ብላ አነበበችው። ማንበብ የተማረችው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ ክፍልፋይ ማን አስተማራት? ማስረዳት የእኔ ሥራ ነበር። አሥር ፍሬስ በአንድ ጊዜ ማን ስጪ አለኝ?

ተነሥተው በሩን ዘጉና፣ «ጌጤ፣ ስሚኝ» አሉኝ። «ስህተት ነው ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እነሱ ስህተት አይሉትም፤ አሻጥር ይሉታል። እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ። አንቺ እዚያ አትቆዪም።»

ፖስታውን አጥፈው መልሰው ሰጡኝ። አቃጥይው አላሉኝም፤ አኑሪውም አላሉኝም።

ጳጉሜን 3፣ ማክሰኞ

ኦልጅራን አሰሩት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሁለት ታጣቂዎች ጋር እቤቱ ሄዶ ክኒኑን፣ ሳሙናውን፣ ጃንጥላውን ሁሉ ወሰደበት። ከበዓሉ በኋላ በፍርድ ሸንጎ ይቀርባል፤ ምናልባትም ወደ ላይ ይላካል ይላሉ። ሕዝብ በመርዝ የፈጀ ነው የተባለው።

ሊቀመንበሩ ክሊኒክ መጥቶ ሟቿ የምን መድኃኒት እንደወሰደች የሚገልጽ ወረቀት ጠየቀ። ኦቦ ነገራ ጻፉ። ከገበያ የተገዛ ፓራሲታሞል ከልክ በላይ። ውሸት የለበትም፤ አንድ ቃል እንኳን ውሸት የለበትም። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ።

አስፒሪን አራት፣ ከዚያ አራት። ጥርሱ እንደሆነ አይተወኝም።

ጳጉሜን 5፣ ሐሙስ

ሪፐብሊክ ሆንን። ሁላችንም ሰልፍ ወጣን፤ በጭቃ ውስጥ፤ ሪባን ደረታችን ላይ። ሊቀመንበሩ ሲናገር ስለ ጤና ጥበቃም አነሣ፤ በማኅበራችን ክኒን የሚሸጥ ፀረ-ሕዝብ ተይዟል አለ። ተጨበጨበ። አጨበጨብኩ።

ጉዴን አላየኋትም። ከሰልፉ ስንመለስ ሁለት ሴቶች ከፊቴ እየሄዱ ያወሩ ነበር። ኩምሳ አላናግራትም ብሏል፤ መስቀል ሲያልፍ ወደ አባቷ ቤት ሊሸኟት ነው። አንደኛዋ፣ በገዛ እጇ ያበላች እናት እንዴት ትተኛለች አለች። እርምጃዬን አዘግይቼ እንዲርቁኝ አደረግሁ።

መስከረም 9 ቀን 1980፣ እሑድ

አሥር ቀን ሙሉ አልጻፍኩም። የሚጻፍ ስላልነበረ አይደለም።

አሁን ፖስታ ላይ ቁጥር አልጽፍም። ለእያንዳንዱ ሰው ክኒኑን እፊቱ እቆርጥለታለሁ። ይህን ጠዋት፣ ይህን ቀትር፣ ይህን ማታ እላለሁ፤ ከዚያ መልሰህ ንገረኝ እለዋለሁ። ከትናንት ወዲያ አንዲት እናት መልሳ ስትነግረኝ ተሳስታ ነበር። ሌላዋም። ሌላዋም። ከነሐሴ በፊት ስንቶቹ ተሳስተው ሄደው ይሆን? ሰልፉ አሁን እስከ ማታ አያልቅም፤ ሰዉ ያጉረመርማል።

ይህን ካደረግሁ ለሌላው ካሣ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ኦልጅራ አሁንም በማኅበሩ ጎተራ ውስጥ ነው። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ምሳውን ይዛ በክሊኒካችን ደጅ ታልፋለች፤ እኔን ስታይ እጅ ትነሣለች፤ ልጅቷን አምቦ ድረስ ስለተከተልኩ ደግ ሰው ናት ብላኛለች አሉ።

ሽቅብ ስወጣ ልቤ ይመታል። ጨጓራዬ ያቃጥላል። ሰገራዬ ከጠቆረ ሦስት ቀን ሆነው፤ እንደ ሬንጅ። ጎመን ስለበላሁ ይሆናል።

መስከረም 12፣ ረቡዕ

ራሴ ዞረ። ሰው ፊት ቁጭ አልኩ። አሁን ደህና ነኝ። ጎመን አልበላሁም፤ አሁንም ጥቁር ነው።

መስከረም 21፣ ዓርብ። አምቦ

በእጄ መጻፍ ከቻልኩ ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። መስከረም 13 ጠዋት የአንድ ሕፃን ክኒን እየቆረጥኩ ሳለ አስመለሰኝ። የወጣው እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ቀይ። ከዚያ የማውቀው ጣራውን ነው። ኦቦ ነገራ ክሊኒኩን ዘግተው በቃሬዛ አውጥተው ራሳቸው እስከ ጎጆ ተከተሉኝ፤ ይህን ደብተር ከልብሴ ጋር ይዘው እስከ አምቦም አብረውኝ መጡ። በመንገድ ላይ እጄን ይዘው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። መኪናው ሰው ሞልቶበት ነበር፤ ጮክ ባይሉም የሚጸልዩ መሆናቸው ለማንም ግልጽ ነበር።

ተረኛው ሐኪም ያው ወጣት ነው። አወቀኝ። በቀን ስንት አስፒሪን እንደምወስድ ጠየቀኝ፤ አንዳንዴ ሁለት አልኩት። የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየ፤ ደም አጥቶ ነጥቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አራት አልኩት። አሁንም ጠበቀ። ቆጠርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት። አንዳንድ ቀን አሥራ አራት። በባዶ ሆድ፤ ወር ተኩል።

«አንቺ ለበሽተኛ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ነገርኩት፤ ከምግብ በኋላ፣ ከልኩ ሳታልፉ፣ ሕመሙ ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ተመለሱ፣ ጥቁር ሰገራ ካያችሁ በፍጥነት። እንደ ተማሪ በቃሌ ወጣሁት። አልሳቀብኝም፤ አልተቆጣኝም። ጥርሱን ሰኞ ነቀሉልኝ። ለመንቀል የፈጀው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ዛሬ ሊያየኝ ሲመጣ የዚያች ልጅ እናት እንዴት ሆነች አለኝ። ይህን ባይጠይቀኝ ዝም ብዬ እወጣ ነበር። ፖስታውን ከደብተሩ አውጥቼ ሰጠሁት። ያን ቀን ጉዴ ወረቀቱ አንድ ወይም ሁለት ስለሚል ሁለት ሰጠሁ ብላ ነበር። ወረቀቱ የሚለውን ትቼ ሁለት ሰጠች ብቻ ብዬ ነው የተረጎምኩት። ነገርኩት። ብተረጉም ኖሮ ትድን ነበር ወይ አልኩት።

«ሕክምናው አይለወጥም ነበር» አለ። «ዘግይታችሁ ነው የመጣችሁት።» ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። «እናትየዋ ግን ያላጠፋችውን ተሸክማ ባልሄደች።»

መስከረም 29፣ ቅዳሜ። ቱሉ ቡሬ

ዛሬ ጠዋት በቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ልሄድ ነበር። ከዚያ ጉዴ ይህን ከሸንጎ አፍ ልትሰማው አይገባም ብዬ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ወንዙ ጎድሏል፤ በድንጋይ በድንጋይ ይታለፋል። ኦቦ ነገራ አብሬሽ ልምጣ አሉኝ፤ አይ አልኳቸው።

ኩምሳ በረቱ አጠገብ ነበር። ጉዴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ድንች ትለይ ነበር፤ የበሰበሰውን ለብቻ። ከስታለች። በሩ ሥር አንድ ትንሽ የታሰረ ጓዝ አየሁ። ወደ አባቷ ቤት የምትሄደው ሰኞ ነው። ለሰላምታዬ ሁለቱም መለሱልኝ። ኩምሳ በርጩማ አመጣልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

ፖስታውን መሬት ላይ አድርጌ በኦሮምኛ ነገርኳት። ይህ ጽሑፍ አንድ ወይም ሁለት አይልም። ወለካ ነው የሚለው፤ የአንዷን ፍሬ ግማሽ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሳላስረዳሽ ቀጣይ ያልኩት እኔ ነኝ። ኦልጅራ የሸጠልሽ እኔ የሰጠሁሽን ዓይነት ነው፤ እሱም የእኔን ወረቀት ነው ያየው።

ጉዴ ወረቀቱን አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። መካከል ላይ ያለችውን ትንሽ መስመር በጥፍሯ ነካቻት። «ይህቺ ናት?» አለች። አዎ አልኩ።

«ሰርተፍኬት ሲሰጡኝ ይህቺን አላሳዩኝም።»

ወረቀቱን ሳታስቀምጥ፣ «አምቦ ስትተረጉሚልኝ ለሐኪሙ ይህን ነገርሽው?» አለች።

«አልነገርኩትም።»

ኩምሳ በትሩን አነሣ። እኔን የሚመታኝ መሰለኝ፤ ቢመታኝም አልሸሽም ነበር። ወደ ጓዙ ሄዶ በትሩን ጥሎ የታሰረውን መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታለት አለ። ጉዴ አላየችውም። እኔን ነው የምታየው።

«ከቤቴ ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ።

መስከረም 30፣ እሑድ

ትናንት ከዚያ ሄጄ ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። ጻፊው አለኝ፤ ጻፍኩ። ኦቦ ነገራ ተከትለውኝ መጥተው ከሥሩ ፈረሙ፤ ኦልጅራን የወነጀለውን ወረቀት እውነቱን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት ብለው። አያስፈልግም ብላቸውም አልሰሙኝም። ነገ ሁለታችንም ጎጆ እንድንቀርብ ታዘናል። ልብስ አዘጋጅቻለሁ። ይህን ደብተር ልይዘው ወይስ ልተወው አላውቅም።

ጥቅምት 5፣ ዓርብ

አራት ቀን ጎጆ አቆዩን። አሻጥር የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ኦቦ ነገራን ስለ ጸሎቱ ጭምር ጠየቋቸው፤ የድሮው መዝገብ ወጥቶ ነበር። ከአምቦ ሐኪሙ ስህተት እንጂ አሻጥር አይደለም ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ሲደርስ ትንሽ ለዘብ አሉ። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያና ዝውውር፤ ከወር በኋላ ካቺሲ። ኦቦ ነገራ ከኃላፊነት ተነሥተዋል፤ ሥራቸው ላይ ግን ይቆያሉ።

ኦልጅራ ትናንት ተፈታ። ዛሬ ክሊኒክ መጣ፤ ተጎሳቁሏል። አንድ ወር በአንቺ ዝምታ ታሠርኩ አለኝ። በእስር ያወጣውን ቁስል ኦቦ ነገራ አጠቡለት።

ጥቅምት 14፣ እሑድ

ዛሬ ዝግ ነበርን። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። ጉዴ ናት። ከኋላዋ ስድስት ሰባት ሴቶች፤ የኩምሳ እናትም አሉ።

አልሳመችኝም። ነጠላዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቋጠሮውን ፈታችው። ክኒን ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ የተሰባበረ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ስሙ የጠፋ። ከወንዙ ማዶ ካለው ከየቤቱ የሰበሰበችው ነው።

«ይቅር ልልሽ አልመጣሁም» አለችኝ። «ሌላ የሚያውቅ ሰው የለንም። የትኛው ምን እንደሆነ ንገሪን።»

አንድ በአንድ ለየን። አስፒሪን በአንድ በኩል፤ ጨጓራ ለሚያመውና ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ፣ ለሕፃንም ሐኪም ሳያዝ እንደማይሰጥ ነገርኳቸው። ነጩና ቢጫው አንድ መሆኑን አሳየኋቸው፤ የኩምሳ እናት አላመኑኝም፤ ሁለቱን አቅምሻቸው ሲመራቸው ተፉት። ማንነቱ ያልታወቀውን ሁሉ ሰብስበን ጉድጓድ ጣልን። ከሁለት እፍኝ በላይ ነበር። ልጅ የማይደርስበት ቦታ የት እንደሆነ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፤ አንዷ ጣራው ሥር፣ አንዷ ጎታው ላይ።

ልኩን እንዴት እንደሚያስታውሱ ሲጠይቁኝ ቁጥር መጻፍ እጄ እንቢ አለ። ወረቀት ላይ ክብ ሣልኩ፤ በመካከሉ መስመር አሠመርኩና ግማሹን በእርሳስ አጠቆርኩት። ከጎኑ ሦስት ፀሐይ፤ አንዷ ስትወጣ፣ አንዷ አናት ላይ፣ አንዷ ስትጠልቅ። ይህ ለአራት ዓመት ልጅ ነው አልኩ።

ጉዴ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ያጠቆርኩትን ግማሽ በአውራ ጣቷ ሸፈነችው፤ መልሳ ገለጠችው።

«ይህን ብትሥይልኝ ኖሮ አልሳሳትም ነበር» አለች፤ ወረቀቱንም ከጎኗ ለቆመችው ሴት አቀበለቻት።